ልጁን ማን ይያዘው? ከአንቀልባ እስከ ሕፃናት ማቆያ



ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን ከሌላው አጀንዳ ሁሉ ያከራከረን አንድ ጥያቄ ነበር። የወሊድ ፈቃዷ የሚያልቅባት አባላችን ልጇን ቤት ለሞግዚት ትተወው ወይስ ሕፃናት ማቆያ ታስገባው? ብዙዎቻችን «ልጅ በቤቱ ነው የሚያድገው፤ እናቶቻችንም እንዲሁ አሳድገውናል» አልን። ይህን አባባል ከራሳችን ታሪክ ጋር ብናስተያየው ለውሳኔያችን ይጠቅማል ብለን ነው ይህን መጻፋችን።

እናቶቻችን በእርግጥ እንዴት አሳደጉን? በገጠር እናት ልጇን በአንቀልባ አዝላ ውኃ ትቀዳለች፣ ገበያ ትወጣለች። አዝላ የማትሠራው ሥራ ሲገጥማት አያት ወይም ጎረቤት ትይዝላታለች። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁን የምትይዘው ታላቅ እህቱ ነበረች። ወንድሟ ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ሲቆጥር እሷ ታናሿን አዝላ እሹሩሩ ስትል ትውላለች። ከመካከላችን ታላላቆቹ ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ራሳቸው የልጆች እናት ከሆኑ በኋላ ነው። እናቶቻችን በቤት ያሳደጉን ያለ ዋጋ አልነበረም፤ ዋጋውን የከፈለችው ያቺ ልጅ ናት።

ወደ ከተማ ስንገባ የታላቅ እህትን ቦታ ሞግዚት ያዘችው። ቃሉ ራሱ ታሪክ አለው። ልጅ ኢያሱ በ1901 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ሲባሉ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው ሞግዚታቸው ሆነው ነበር። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግም አካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን ጥቅም የሚጠብቀውን ሰው ሞግዚት ይለዋል። በሰፈራችን ግን ሞግዚት ማለት «አስተምርሻለሁ» ተብላ ከገጠር የመጣች የዘመድ ልጅ፣ ወይም በደላላ የተገኘች ወጣት ናት። ቃሉ የመኳንንት ማዕረግ ሆኖ ሳለ፣ ሥራውን የምትሠራው ከሁሉ ያነሰ የሚከፈላት ሆነች። ከመካከላችንም በዚህ መንገድ ከተማ የገባን፣ የተባለውንም ትምህርት ሳናይ ያደግን አለን።

ልጅ መያዝ የቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም የሚለው ሐሳብ በሰፈር ደረጃ በሰፊው የተሞከረው በደርግ ዘመን ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ከተቋቋሙ በኋላ ብዙ ቀበሌዎች መዋዕለ ሕፃናት ከፈቱ። በ1972 ዓ.ም. የተመሠረተው የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበርም በዚህ ሥራ ተሳትፏል። የዘመኑን ግዳጅና ስብሰባ የሚናፍቅ ከመካከላችን የለም። ሆኖም የቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ለብዙ ደሃ እናት ግማሽ ቀን አስገኝቶላታል። ይቀበል የነበረው ግን በአብዛኛው 4 ዓመት የሞላውን ልጅ ስለነበር ጡት የሚጠባው ሕፃን ቤት ቀረ።

ያ ክፍተት ዛሬም አልተደፈነም። በ1985 እና በ1996 ዓ.ም. የወጡት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች የወሊድ ፈቃድን በ90 ቀን ወሰኑ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 120 አሳደገው፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ማለት ነው። ሕፃኑ ሦስት ወር ሲሞላው እናቱ ሥራ ትገባለች፤ መዋዕለ ሕፃናት የሚቀበለው ግን 4 ዓመት ሲሞላው ነው። በመካከሉ ያለውን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ ማን ይያዘው? የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 መሥሪያ ቤቶች ሕፃናት ማቆያ እንዲያዘጋጁ አዝዞ ነበር። ይህ ለቢሮ ሠራተኛዋ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ጉልት ለምትሸጠውና እንጀራ ጋግራ ለምታድረው አባላችን ግን አልደረሰም።

ሌላም የሚያሳፍረን ነገር አለ። ያው 120 ቀን የሰጠን አዋጅ በግለሰብ ቤት የሚሠራን ሥራ ከሽፋኑ ውጭ አድርጎ በሌላ ደንብ ይወሰን ብሎ ትቶታል። ስለዚህ እኛ በፈቃዳችን ማግስት ልጃችንን የምንሰጣት ሞግዚት፣ እሷ ስትወልድ ያ ፈቃድ የላትም።

እንግዲህ ቤት ወይስ ማቆያ? ቤት የራሱ በጎነት አለው። ሕፃኑ አንድ እጅ ይለምዳል፣ በለመደው ቦታ ይተኛል፣ ከሌላ ሕፃን ጉንፋን አይጋባበትም። ግን በሩ ሲዘጋ ልጁንም ሞግዚቷንም የሚያይ የለም። በማቆያ ብዙ ዓይን አለ፤ አንዷ ብትታመም ሌላዋ ትተካለች። ግን ክፍያው ይከብዳል፣ ሰዓቱ ከገበያ ሰዓት ጋር አይገጥምም፣ ለአንዲት ተንከባካቢ ብዙ ሕፃን የሚሰጥበትም አለ። ማቆያ የምትመርጥ እህት የግድግዳውን ሥዕል ሳይሆን የተንከባካቢዎቹን ቁጥር ትቁጠር፤ ውኃውንና መጸዳጃውን ትይ፤ ሳትነግራቸውም በምሳ ሰዓት ትሂድ። ሞግዚት የምትመርጥም ደመወዟን በወሩ ትክፈል፣ የዕረፍት ቀን ትስጣት፣ የማታ ትምህርት ትላካት።

ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ከታሪካችን የምንወስደው ጎረቤት ናት። ቤቷ ሰፋ ያለ አንዲት አባላችን ሦስት ወይም አራት ሕፃናት ብትይዝ፣ እኛም በየወሩ አዋጥተን ብንከፍላት፣ ተራ ገብተንም ብንጠይቃት ምን ይለናል? ክፍያው ግን እንደ ውለታ ሳይሆን እንደ ደመወዝ ይሁን። አያትና እህት በነፃ የያዙበትን ዘመን ከዚህ በላይ ማራዘም አይገባንም።

በሚቀጥለው ስብሰባችን ስንት ሕፃናት እንዳሉንና እያንዳንዳችን ምን ያህል ማዋጣት እንደምንችል ጽፈን እንምጣ። ሞግዚት ያለን ደግሞ ይዘናት እንምጣ፤ ስለ ልጅ አያያዝ ስንመክር እሷም ትናገር።