የአናበርግ የስኳር እርሻ ፍርስራሽ
ሴንት ጆን፣ የአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች። ድንጋይ፣ ጡብና ኮራል

ኮረብታው ላይ የቆመው ክብ ግንብ ከ1810 እስከ 1830 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የተሠራ የነፋስ ወፍጮ ነው። ነፋስ ሲጠፋ፣ በአጠገቡ ባለው ክብ መደብ ላይ እንስሳት እየዞሩ የሸንኮራ አገዳ መጭመቂያውን ያሽከረክሩ ነበር። ጭማቂው ወደ ማፍያው ቤት ወርዶ፣ ከትልቅ ወደ ትንሽ በተደረደሩ ጎላዎች እየተገላበጠ ስኳር እስኪሆን ይፈላ ነበር። ማገዶውም ጭማቂው ከወጣ በኋላ የደረቀ አገዳ ነበር።

አገዳውን የተከሉት፣ የቆረጡትና ያፈሉት በዴንማርክ አገዛዝ ሥር በባርነት የተያዙ አፍሪካውያንና ልጆቻቸው ናቸው። ከማዶ የምትታየው የብሪታንያዋ ቶርቶላ በ1834 ባርነትን ስትሽር፣ አንዳንዶቹ ባሕሩን ተሻግረው አመለጡ። በዴንማርክ ደሴቶች ነፃነት የታወጀው ጁላይ 3 ቀን 1848 ነው።