ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስ፦ የ70 ዓመት ታሪኩ ምን ያስተምረናል?



«ዶክተር፣ መነጽሬ ማይነስ 10 ነው። ለሌዘር አትሆኚም፣ ዓይንሽ ውስጥ ሌንስ ይገባልሽ ተባልኩ። ጉዳት ይኖረው ይሆን?» የሚል ዓይነት ጥያቄ ይደርሰኛል። እኔ ጠቅላላ ሐኪም እንጂ የዓይን ስፔሻሊስት አይደለሁም፤ ውሳኔው የእናንተና የዓይን ሐኪማችሁ ነው። ታሪኩን ግን ላጫውታችሁ፤ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ያሳያችኋል። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች የፕላስቲክ ሽፋን ሲሰበር ስብርባሪው አብራሪዎች ዓይን ውስጥ ይገባ ነበር። ሐኪሙ ሃሮልድ ሪድሊ ዓይን ይህን ፕላስቲክ እንደሚቀበለው አስተዋለ። በ1949 ለንደን ውስጥ የዓይን ሞራ ላለባት ታካሚ የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ሌንስ ተከለላት።

በ1953 ጣሊያናዊው ቤኔዴቶ ስትራምፔሊ አንድ እርምጃ ወደፊት ሄደ። የተፈጥሮው ሌንስ ሳይወጣ፣ ሩቅ ማየት ለሚቸገር (ማዮፒያ ላለበት) ሰው ተጨማሪ ሌንስ ከዓይን የፊተኛው ክፍል አስገባ። ባርሴሎና ውስጥም ሆአኪን ባራኬር ይህንኑ ለብዙዎች ሠራ። በ1959 ስለ 239 ሌንሶች ሪፖርት አቀረበ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ተመልሰው መውጣት ግድ ሆኖባቸው ነበር።

ምን ተፈጠረ? ኮርኒያ የምንለው የዓይናችን የፊት መስታወት ከውስጥ በኩል በአንድ ረድፍ ሴሎች ተሸፍኗል። ሥራቸው ውኃ እየመጠጡ ኮርኒያውን ጥርት አድርጎ ማቆየት ነው። እነዚህ ሴሎች ከሞቱ አይተኩም። የያኔዎቹ ወፍራምና ደረቅ ሌንሶች ለእነሱ በጣም ቅርብ ስለነበሩ ቀስ በቀስ ጨረሷቸው፤ ኮርኒያው አበጠ፣ ደፈረሰ። ልብ በሉ፦ መጀመሪያ ዕይታ ይስተካከላል፤ ጉዳቱ የሚመጣው ቆይቶ ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ያለ ሕመም።

ሕክምናው ለረጅም ጊዜ ተትቶ በ1980ዎቹ እንደገና ተነሣ። ፈረንሳዊው ባይኮፍ የፊተኛውን ቦታ በቀጭን ሌንስ ሞከረ፤ የሴል መቀነስና የዓይን ብሌን ቅርጽ መበላሸት ተከተለ። ሆላንዳዊው ቮርስትና ጀርመናዊው ፌክነር ሌንሱን ከአይሪስ (ቀለም ካለው ክፍል) ጋር አያያዙት። በሞስኮ ፊዮዶሮቭ ከአይሪስ ጀርባ አስቀመጠው፤ የተፈጥሮውን ሌንስ ሲነካ ግን ሞራ አመጣ።

ዛሬ በስፋት የሚታወቀው አይሲኤል የዚህ የመጨረሻው ሐሳብ ልጅ ነው። ለስላሳና ታጣፊ ነው፤ የአሜሪካው ኤፍዲኤ በ2005 ፈቀደው። ዋናው ፈተና ልኩ ነው። ካነሰ ወደ ተፈጥሮው ሌንስ ተጠግቶ ሞራ ሊያመጣ ይችላል። ከበዛ አይሪስን ገፍቶ የዓይን ፈሳሽ መውጫውን ያጠብና ግፊት ይጨምራል። በ2022 ኤፍዲኤ የፈቀደው አዲሱ ዓይነት መሐሉ ላይ ፈሳሽ የሚያሳልፍ ትንሽ ቀዳዳ አለው፤ ይህም ችግሩን ቀንሶታል፤ ጨርሶ ግን አላጠፋውም።

ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

✅ የዓይኔ የፊተኛው ክፍል ጥልቀት ይበቃል?
✅ የኮርኒያ ሴሎቼ ተቆጥረዋል? ስንት ናቸው?
✅ የሌንሱ ልክ በምን ተለካ?
✅ በየዓመቱ ማን ይከታተለኛል?

በተለይ ለሕክምና ወደ ውጭ አገር የምትሄዱ፣ የመጨረሻውን ጥያቄ አትርሱ። የሌንሱን ዓይነትና ልክ፣ የሴል ቁጥራችሁንም የያዘ ወረቀት ይዛችሁ ተመለሱ። «ደህና አያለሁ» ብሎ ክትትል ማቆም የባራኬርን ዘመን ስህተት መድገም ነው።

🚨 ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ከባድ የዓይን ሕመም፣ መቅላት፣ ከራስ ምታት ጋር ማስመለስ ወይም ድንገተኛ የዕይታ መቀነስ ካለ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። የብርሃን ብልጭታ፣ የሚንሳፈፍ ጥቁር ነጥብ ወይም እንደ መጋረጃ የሚጋርድ ጥላ ካያችሁም እንዲሁ። ሌንሱ ዕይታን ያስተካክላል እንጂ በከባድ ማዮፒያ ምክንያት የሳሳውን ሬቲና አይለውጠውም።

መነጽራችሁ ከተመቻችሁ ደግሞ ማንም አያስቸኩላችሁ። ለሚያስፈልገው ሰው ሼር አድርጉለት።