ፔጅራንክ
ፔጅራንክ ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች ሳሉ የቀመሩት፣ ለጉግል መፈለጊያ መሠረት የሆነ የድረ ገጽ መመዘኛ ስሌት ነው። ወደ አንድ ገጽ የሚያመራ ሊንክ ለገጹ እንደ ምስክርነት ይቆጠርለታል፤ ምስክሮች ግን እኩል አይደሉም። ራሱ ብዙ የተመሰከረለት ገጽ የሚሰጠው ሊንክ ይበልጥ ይመዝናል፤ ክብደቱም ገጹ ወደ ሌሎች በሚሰጣቸው ሊንኮች ብዛት ይካፈላል። የስሌቱ ትልቅ ብልኃት ይኸው ነው፤ ሊንክ በብዛቱ ብቻ አይመዘንም። ያም ሆኖ ሊንክ መሸጥና መግዛት ንግድ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2012 ጉግል «ፔንግዊን» በተሰኘው ማሻሻያ በማታለል ሊንክ የሰበሰቡ ድረ ገጾችን ከውጤት ዝርዝሩ ወደ ታች አወረደ። ከ2016 ወዲህ ግን ፔንግዊን ድረ ገጹን ከመቅጣት ይልቅ እንዲህ ያለውን ሊንክ ዋጋ ያሳጣዋል።