የአንዲት አጭር ደብዳቤ ታሪክ፦ ሕመምን ማስታገስና የሱስ ስጋት

እ.ኤ.አ. በ1980 ፖርተርና ጂክ የተባሉ ሁለት የቦስተን ተመራማሪዎች በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አንዲት አጭር ደብዳቤ አወጡ። ሆስፒታል ተኝተው ኦፒዮይድ ከወሰዱ 11,882 ሕሙማን መካከል፣ የቀድሞ የሱስ ታሪክ ሳይኖራቸው ሱስ እንደያዛቸው በሚገባ የተመዘገቡት 4 ብቻ እንደነበሩ ገለጹ። ለወራት በቤት ስለሚወሰድ መድኃኒት ግን ደብዳቤዋ አንዳች አላለችም።

ይሁን እንጂ ሥር ለሰደደ ሕመም ኦፒዮይድ ማዘዝ ለሱስ እምብዛም እንደማያጋልጥ ማስረጃ ተደርጋ ለዓመታት ተጠቀሰች። ኦክሲኮንቲን እ.ኤ.አ. በ1996 ለገበያ ቀረበ፤ የአምራቹ እህት ኩባንያም የሱሱን አደጋ አሳንሶ በማስተዋወቁ በ2007 በፍርድ ቤት ጥፋተኝነቱን አመነ። መጽሔቱ በደብዳቤዋ ላይ ማሳሰቢያ ያከለው በ2017 ነበር።

ፍርሃቱም በተራው ጎዳ። የአሜሪካ የበሽታዎች ቁጥጥርና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው መመሪያ ከታሰበው በላይ ጠብቆ በመተርጎሙ፣ የአንዳንድ ሕሙማን መድኃኒት በድንገት ተቋርጦ ለከባድ ሥቃይ ተዳረጉ። ማዕከሉ መመሪያውን በ2022 አሻሻለ።

በካንሰር ለሚሠቃይ ሕሙም ሞርፊን ዛሬም አስፈላጊ መድኃኒት ነው። ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ከማዘዛችንም ሆነ ከመከልከላችን በፊት ማስረጃው ከየትኞቹ ሕሙማን እንደተገኘ፣ መድኃኒቱ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥና ሕሙሙን ማን እንደሚከታተለው እንጠይቅ።