ቡናማው ዱቄትና የአጎቴ ጥያቄ

የማስተርስ ቲሲሴን ዲፌንድ አድርጌ ቆቦ የገባሁት በማሽላ አጨዳ ሰሞን ነበር። ማታ አጎቴ ደጅ ቁጭ ብለን፣ የዞብል ተራራ እየጨለመ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ የለፋሁበትን ነገርኳቸው፤ ከኮባልት የሠራሁት ቡናማ ዱቄት ባክቴሪያ እንደሚገድል። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና «እሰይ! እንግዲያ ለከብቶቹ መቼ ታመጣልናለህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። የዚህ መጽሐፍ አዘጋጆች ስለ ላባችን ታሪክ አንድ ነገር ጻፍልን ሲሉኝ ቀድሞ ትዝ ያለኝ ያ ዝምታ ነው።

ነገሩ ከሩቅ ይጀምራል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1864 ሁጎ ሺፍ የተባለ ጀርመን ተወላጅ ኬሚስት ፒዛ ላይ ሆኖ፣ አልዴሃይድና አሚን ሲገናኙ ውሃ ጥለው በካርቦንና በናይትሮጅን ድርብ ቦንድ እንደሚያያዙ አሳየ። ሺፍ ቤዝ የምንለው ይኸው ነው። ከአድዋ ድል ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1893፣ አልፍሬድ ቬርነር የኮባልትን ባለብዙ ቀለም ጨዎች ሲመረምር ሜታሉን ስድስት ጎረቤቶች ከበውት እንደሚቀመጡ ተናገረ፤ በ1913 ኖቤል ተሸለመበት። ጃፓናዊው ጹማኪ ደግሞ በ1938 የኮባልት ሺፍ ቤዝ ኮምፕሌክስ ኦክስጅን ከአየር ስቦ መልሶ እንደሚለቅ አወቀ፤ ልክ እንደ ደም።

እኛ ላብ የደረሰው የዚህ ሁሉ ልጅ ልጅ ነው። ሳሊሲልአልዴሃይዱን ከአሚኑ ጋር በኤታኖል ታፈላዋለህ፣ ቢጫ ክሪስታል ይወርድልሃል። ሮዙን የኮባልት ጨው ስትጨምርበት መልኩ ይጠቁራል። መብራት ከሄደ ሪፍለክሱ ይቆማል፣ አንተም ጋወንህን እንደለበስክ ኮሪደር ላይ ትጠብቃለህ። ከዚያ ዱቄቱን በዲኤምኤስኦ አሟሙቶ፣ ትንሽ ክብ ወረቀት ነክሮ፣ ስታፊሎኮከስ ወይም ኢ. ኮላይ የተዘራበት አጋር ላይ ማስቀመጥ ነው። በማግስቱ ወረቀቱን የከበበውን ጥርት ያለ ቀለበት በማስመሪያ ትለካለህ። ያቺ ሚሊሜትር የሁላችንም ደስታ ነበረች!

ውይይቱ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ደግሞ ሁላችንም የኦቨርተንንና የትዊዲን ስም ጠርተን፣ ሜታሉ ሲታቀፍ ስብ ወዳድ ይሆናል፣ የባክቴሪያውን ሽፋን በቀላሉ ያልፋል ብለን እንዘጋዋለን። ይህቺን አንቀጽ ያልገለበጠ እጁን ያውጣ። እኔ አላወጣም።

የእኔ ሠንጠረዥ ሊጋንዱን፣ ኮምፕሌክሱንና አንድ የታወቀ አንቲባዮቲክ ይዟል። ኮባልት ክሎራይዱ ለብቻው የለም። ኮባልት ጨው በራሱ ባክቴሪያን የመጉዳት አቅም አለው፤ ስለዚህ ቀለበቱን ያመጣው ኮምፕሌክሱ ይሁን ተፍታቶ የወጣው ኮባልት፣ ከእኔ ቲሲስ ማወቅ አይቻልም። በሰው ወይም በእንስሳ ሴል ላይም አልሞከርኩትም። አጋር ጉበት የለው፣ ኩላሊት የለው። ለአጎቴ ላም ባጠጣት ባክቴሪያው ይቀድም ላሟ ትቀድም፣ እንጃ። ፈታኞቼም አልጠየቁኝም፤ እኔም ደስ ብሎኝ ኤ ይዤ ወጣሁ።

መንገዱ ጭራሽ ዝግ ነው ማለቴ አይደለም። ዶክሶቪር የተባለው የኮባልት ሺፍ ቤዝ ኮምፕሌክስ ለሄርፒስ ተብሎ በሰው ላይ እስከ መሞከር ደርሷል፤ የሚሠራውም የቫይረሱን ኢንዛይም ሂስቲዲን በመያዝ ነው ይባላል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ኬሚካል ሶሳይቲ ቡለቲን ከ1987 ጀምሮ ሲታተም ለእንዲህ ያለው ሥራ ገጽ ሲሰጥ ኖሯል። በ2022 የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከኪኖሊን የተሠራ ሺፍ ቤዝን ከኮባልትና ከቫናዲየም ጋር አጣምረው ኤሲኤስ ኦሜጋ ላይ አውጥተዋል። ዛሬ እኔ ፈታኝ ስሆን የመጀመሪያ ጥያቄዬ «ጨው ብቻውን የት አለ?» የሚል ነው። ተማሪዎቹ ቅጽል ስም አውጥተውልኛል አሉ፤ አይነግሩኝም እንጂ።

የሚገርመው፣ ለአጎቴ የሚሆን መልስ ያኔም ነበር፤ ከእኔ ዱቄት ግን አይደለም። በ1930ዎቹ አውስትራሊያ ውስጥ በጎችና ከብቶች ለምለም ግጦሽ ላይ ቆመው ይከሱና ይሞቱ ነበር። በ1935 ምክንያቱ ታወቀ፤ አፈሩ ኮባልት የለውም። ቢ12 የተባለው ቫይታሚን በ1948 ተለየ። በ1956 ዶሮቲ ሆጅኪን ቅርጹን በኤክስሬይ አንብባ ስትጨርስ መሀሉ ላይ አንድ ኮባልት ቁጭ ብሎ ተገኘ። የሚያመሰኳ እንስሳ ሆድ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያን ይህን ቫይታሚን የሚሠሩት ከምትበላው ሣር ከሚገኝ ኢምንት ኮባልት ነው። እኔ ባክቴሪያ ልገድልበት የደከምኩበት ሜታል፣ እላሟ ሆድ ውስጥ የባክቴሪያ ቀለብ ነው።

ባለፈው ክረምት ቆቦ ስሄድ ይህን ሁሉ ነገርኳቸው። አጎቴ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ጥቂት አሰቡና፣ «እና ይኼን ያኔ አትነግረኝም ነበር?» አሉኝ።