አንድምታ በባግዳድ በኩል

የመጻሕፍት ጉባኤ ቤት መምህር አንዷን የግእዝ ቃል አንብበው ወደ አማርኛ ይመልሷታል። ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ፣ አሁንም «አንድም» ብለው ሦስተኛ ይጨምሩባታል። ተማሪው ሁሉንም በቃሉ ይይዛል። እንግሊዛዊው የአንግሊካን ቄስ ሮጀር ካውሊ የምርምር ዕድሜውን የሰጠው አንድምታ ለሚባለው ለዚህ ትምህርት ነው።

ካውሊ አዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። በ1972 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የአንድምታን አጀማመር የሚመረምር ጽሑፍ አሳተመ። በጎንደር ዘመን ትርጓሜውን ያደላደሉትን መምህር ኤስድሮስንም ለብቻቸው አጥንቷል።

በ1974 ደግሞ የቅዱሳት መጻሕፍትን ቁጥር አነሣ። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን 81 ትላለች፤ የሕግ መጽሐፉ ፍትሐ ነገሥትም 81 ይላል፤ ሲዘረዝር ግን 73 ላይ ያበቃል። ካውሊ ሁለት አቆጣጠር እንዳለ አሳየ፦ አንዱ 46 ብሉይና 35 ሐዲስ፣ ሌላው 54 ብሉይና 27 ሐዲስ። ድምሩ በሁለቱም 81 ነው። «ሰፊ» እና «ጠባብ» ብሎ የለየበት ስያሜ ዛሬም በጥናቶች ደጋግሞ ይነሣል።

ትልቁ ድካሙ ግን የትርጓሜውን ምንጭ ፍለጋ ነበር። አንድምታ ሚድራሽ የሚባለውን የአይሁድ የመጻሕፍት ትርጓሜ ስለሚመስል በቀጥታ ከዚያ የመጣ የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ካውሊ መመሳሰሉን አልካደም። ሐተታውን ከጥንት ሐተታዎች ጋር ጎን ለጎን እያስተያየ ሲሄድ ግን ዱካው ወደ አንጾኪያ ሊቃውንት፣ ወደ ዮሐንስ አፈወርቅና ወደ ሶርያውያን መራው። መሸጋገሪያው ደግሞ ባግዳድ ነበረች፤ በ1043 ያረፈው ቄስ፣ ሐኪምና ፈላስፋ ኢብን አጥ-ጠይብ በዐረብኛ ያጠናቀረው ትርጓሜ ወደ ግእዝ ተመልሶ ኢትዮጵያ ገብቷል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ኢብን አጥ-ጠይብ ከንስጥሮሳውያን ወገን ነው፤ ተዋሕዶ ደግሞ ንስጥሮስን ታወግዛለች። ታዲያ ሊቃውንቱ ሳያውቁ ተቀበሉት? አይደለም። ካውሊ ራሱ በዚህ ሰው ትርጓሜ ላይ የተነሣውን ክርክር የሚተርክ የግእዝ ጽሑፍ አግኝቶ አሳትሟል። አባቶች ተከራክረውበታል፣ መርምረውታል፤ የሚጠቅማቸውንም አላስቀሩም። ይህ የመምህራኑን ሥራ ከፍ የሚያደርግ እንጂ የሚያሳንስ አይደለም።

የራእየ ዮሐንስን አንድምታ ከግእዝ ሐተታዎቹ ጋር ወደ እንግሊዝኛ የመለሰበት መጽሐፍ በ1983፣ የኢትዮጵያን የመጽሐፍ ቅዱስ አተረጓጎም የመረመረበት ደግሞ በ1988 በካምብሪጅ ታተሙ። የአንድምታን ታሪክ ሊጽፍ የሚነሣ ኢትዮጵያዊ ከእነዚህ ሁለቱ ይጀምር፤ ብራናውን እየገለጠ፣ መምህራኑን እየጠየቀ ካውሊን ይመዝነው፤ የጎደለውንም ይሙላበት።