«ሰለባ» የሚለው ቃል እና የጎረቤቴ ጥያቄ

ዛሬ ስለ አንድ ቃል ልጽፍ ነው። ነገሩ ደስ አይልም፤ ልጆች አጠገባችሁ ካሉ ቆይታችሁ አንብቡት።

«ሰለባ» ስንል አሁን ተጎጂ ማለታችን ነው። የጦርነት ሰለባ፣ የአደጋ ሰለባ እንላለን። የጥንት ትርጉሙ ግን ሌላ ነው፤ ከወደቀ ጠላት ላይ የሚቆረጥ የወንድ ብልት፣ ዘማቹ ለጀግንነቱ ማስረጃ ይዞት የሚመለሰው። ይህን የአንድ ብሔር ልማድ ነው የሚል ካለ ታሪክ በደንብ አላነበበም፤ በአማራውም በኦሮሞውም፣ በሌሎችም ዘንድ ነበረ። እዚሁ ሸዋ ውስጥ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴን ዘመቻ ተከትሎ የሄደው የእንግሊዝ መልዕክተኛ ሃሪስ እ.ኤ.አ. በ1844 ባሳተመው መጽሐፉ ጽፎታል።

ልማዱ ቀረ። ሐሳቡ ግን ከጦር ሜዳ ተነስቶ ምርመራ ክፍል ገባ። የደርግን ዘመን ሲያወሩ ወፌ ላላን ሁሉም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ በብልት ላይ ስለሚንጠለጠለው ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ግን ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሳው ተቃውሞ ወደ አምቦና ወደ መላው ኦሮሚያ ሲዛመት ብዙ ወጣት ታሰረ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ባወጣው ዘገባ ከተፈቱት አንዳንዶቹ ብልታቸው ላይ ክብደት ይንጠለጠል እንደነበር ተናገሩ። አያችሁ፣ መንግሥት ተለውጦ ዘዴው ያው ነው!

ኅዳር 3 ቀን 2011 የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ፀጋዬ መግለጫ ሲሰጡ ብዙዎቻችን ቴሌቪዥን ላይ ተተክለን ነበር። በእስረኞች ላይ የደረሰውን ሲዘረዝሩ የሴቶቹን «መደፈር» አሉ፤ በወንዶቹ ላይ የተፈጸመውን ግን «ግብረ ሰዶም»። እሳቸውን አልወቅስም፤ ሕጉ ሌላ ቃል አልሰጣቸውም።

ይህን ያስታወሰኝ አንድ የአምቦ ጎረቤቴ ናቸው። በእኛ ዞን በመንግሥት ኃይሎችና በኦሮሞ ነፃነት ሠራዊት መካከል ውጊያው ከተጀመረ በኋላ ታጣቂዎች ይዘዋቸው ነበር። የየትኛው ወገን ታጣቂ እንደሆነ እዚህ አልጽፍም፣ እሳቸውም አልፈቀዱልኝም። ሲመለሱ ለሰው ሁሉ «ወገቤን ታምሜ ነው» ይሉ ነበር። ሕግ መማሬን ስለሚያውቁ አንድ ምሽት ደጃፋችን ተቀምጠን፣ «ለመሆኑ ወንድ ላይ ሲሆን ክሱ ምን ይባላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ያን ሌሊት የ1996ቱን የወንጀል ሕግ አወጣሁ። አንቀጽ 620፣ አስገድዶ መድፈር፣ ተበዳይዋ ሴት ናት፤ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት። 621 ወንድ ተበዳይ የሚሆነው ሴት ስታስገድደው ነው። 622 «ተቃራኒ ጾታ» ይላል። ወንድ በወንድ ሲጠቃ የምትደርሱት 629 እና 630 ላይ ነው፤ የግብረ ሰዶም አንቀጾች። ኃይል ሲኖርበት ከ3 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል። ተገዶ የተጠቃው ሰው በዚህ አይቀጣም እኮ፤ ግን አምቦ ውስጥ «የግብረ ሰዶም ጉዳይ» በሚል መዝገብ ስሙን የሚያስከፍተው የትኛው አባወራ ነው? ሌላው መንገድ 555 ነው፣ ከባድ የአካል ጉዳት። እዚያ ደግሞ ነገሩ የተሰበረ እግር ይመስላል። 424 ያለው የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ብቻ ነው፤ ጫካ ያለውን አይነካም።

በነጋታው ነገርኳቸው። 630 ስለምን እንደሆነ ሲሰሙ ተነሥተው ገቡ።

ያልነገርኳቸው 270 ነበር፣ የጦር ወንጀል። በትጥቅ ግጭት ጊዜ በሰላማዊ ሰዎች ላይ የሚፈጸም አስገድዶ መድፈር እዚያ ውስጥ አለ። ቅጣቱ ከ5 እስከ 25 ዓመት፣ ሲከብድ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። ተበዳዩን በጾታ አይለይም። ችግሩ መድፈር ምን እንደሆነ አይተረጉምም፤ ዳኛው ወደ 620 ከተመለሰ ወንዱ እንደገና ውጭ ቀረ። እኔ ግን መመለስ የለበትም እላለሁ። ኢትዮጵያ በ1986 የተቀበለችው ሁለተኛው የጄኔቫ ተጨማሪ ፕሮቶኮል መድፈርን ሲከለክል ጾታ አይጠራም። አሩሻ የተቀመጠው የሩዋንዳ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1998 በአካየሱ ጉዳይ መድፈርን ሲተረጉም «በሰው ላይ» ነው ያለው።

ሚያዝያ 2016 የጸደቀው የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ልዩ ዐቃቤ ሕግና ልዩ ችሎት ይኖራል ይላል። ክሱ በ270 ይሁን በ630 የሚለው እዚያ ነው የሚወሰነው።

ባለፈው ሳምንት 270ን አነበብኩላቸው። ደግሜ እንዳነብ አደረጉኝ። ከዚያ «ምስክር ይፈልጋል?» አሉኝ። ይፈልጋል። አብረዋቸው ከተያዙት ሁለቱ በሕይወት አሉ፤ አንዱ ጉደር ነው፣ አንዱ ጊንጪ። ስልካቸው አላቸው፤ እስከ ዛሬ ግን አልደወሉላቸውም።